ልጆችን ንስሐ ማስተማር፦ ለወላጆች፣ ለክርስትና አባትና እናት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን

በብዙ ቤት ልጅ «ኃጢአት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው ሲቆጡት ነው። እንጀራ ሲረግጥ «ኃጢአት ነው!» ይባላል፤ በጾም እንቁላል ሲጠይቅ «ኃጢአት ነው!» ይባላል፤ ታናሽ እህቱን ሲመታም ያው ነው፣ «እግዜር ይቀጣሃል» ይጨመርበታል። ልጁ 7 ዓመት እስኪሞላው ኃጢአት ማለት ትልቅ ሰው የሚቆጣበት ነገር ሁሉ ይመስለዋል፤ እግዚአብሔር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተቆጪ። ከዚያ አንድ ቀን «ንስሐ ግባ» ሲባል መሸሽ ቢያምረው አይገርምም። የሚቆጣን ሰው ማን ፈልጎ ይሄድበታል?

ስለዚህ እዚህ የምናቀርበው አካሄድ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ልጁ መጀመሪያ መመለሻውን ይወቅ፤ ኃጢአትን ቀጥሎ፣ ኑዛዜን ከዚያ በኋላ ይማር። የተጻፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ4 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያስተምሩ ነው።

መጀመሪያ መመለሻው

የተጠመቀ ልጅ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገና የሚገባ እንግዳ አይደለም። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ልጅነትን አግኝተዋል። የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ ጀምሩ። አንገቱ ላይ ያለውን ማዕተብ በእጁ አስይዙትና «ይህን ያሰርንልህ የእግዚአብሔር ልጅ ስለሆንክ ነው፤ ብታጠፋም ልጁ ነህ» በሉት። ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይደገምም። ንስሐ ግን ይደገማል። ይህን ልዩነት የ6 ዓመት ልጅም ይረዳዋል፣ ይዞትም ያድጋል።

ቀጥሎ ሉቃስ 15፥11-32 ነው፣ የጠፋው ልጅ ታሪክ። 40 ደቂቃ ይበቃዋል፦ 10 ደቂቃ ንባብ፣ 15 ደቂቃ ልጆቹ ራሳቸው እየተወኑ፣ 15 ደቂቃ ጥያቄ። በትወናው ላይ አባት የሚሆነው ልጅ እንዲሮጥ አድርጉ፤ «ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየውና አዘነለት፥ ሮጦም አንገቱን አቀፈውና ሳመው» ይላልና። ብዙ መምህር ይህን ቁጥር አንብቦ ብቻ ያልፈዋል፤ ልጆች ግን ሽማግሌ አባት በመንደሩ መካከል ሲሮጥ በዓይናቸው ካላዩት አይገባቸውም።

ከፍ ላሉት፣ ከ9 ዓመት በላይ ላሉት፣ አንድ ሥራ ስጧቸው። ልጁ በሩቅ አገር ሳለ ያዘጋጀውን ንግግር (ቁጥር 18 እና 19) አባቱ ፊት ካለው (ቁጥር 21) ጋር ያመሳክሩ። ሲያዘጋጅ ሦስት ነገር ሊል ነበር፦ በደልሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ፊቱ ሲቆም ሁለቱን ብቻ ይላል። ሦስተኛው የት ሄደ? አባትየው ለባሮቹ ልብሱን፣ ቀለበቱን፣ ጫማውን አምጡ እያለ ነው። ልጆች ይህን ራሳቸው ሲያገኙት ፊታቸው ይበራል፤ እናንተ ቀድማችሁ አትንገሯቸው።

በውጭ የቀረውን ታላቅ ወንድምም አትዝለሉት። በየክፍሉ «ጨዋ ልጅ» የሚባል፣ ሌላው ሲቀጣ ደስ የሚለው አንድ ሁለት አይጠፋም። እሱም ወደ ቤት እንዲገባ አባቱ ወጥቶ የለመነው እንደሆነ ይስማ።

ስለ አንድ የተለመደ ማሳያ እንናገር። ወረቀት ጨምድዶ፣ መልሶ ዘርግቶ «አያችሁ፣ እንደ ድሮው አይሆንም» ማለት። ስድብ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ለማሳየት ይሆናል። ለንስሐ ትምህርት ግን አትጠቀሙበት፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎም ጭምዳጁ ይቀራል ብሎ ያስተምራልና። በምትኩ ኢሳይያስ 1፥18ን በእጅ አስይዟቸው፦ «ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች፤ እንደ ደምም ብትቀላ እንደ ባዘቶ ትጠራለች።» ከመሶብ ሰፊ አንድ እፍኝ ቀይ አለላ፣ ከፈታይ አንድ እፍኝ ባዘቶ አምጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከተማ ያደጉ ልጆች ሁለቱንም ነክተው አያውቁ ይሆናል፤ ይዳስሱት።

ኃጢአት የቱ ነው፣ የቱስ አይደለም

ልጆች ብርጭቆ መስበርንና መዋሸትን በአንድ ሚዛን ያያሉ፤ አንዳንዴም የብርጭቆው ይከብዳቸዋል፣ ቁጣው ለእሱ ስለሚበዛ። መለየት የሚማሩት በምሳሌ ነው። 12 ትንንሽ ወረቀት ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ድርጊት ጻፉ፤ ልጆቹ በሦስት ቦታ ይደርድሯቸው፦ ሳያውቁ የተደረገ፣ የቤት ደንብ፣ ኃጢአት። ለምሳሌ፦ ወተት መድፋት፣ የቤት ሥራ ደብተር ቤት መርሳት፣ በጫማ ምንጣፍ መርገጥ፣ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ቴሌቪዥን ማየት፣ የጓደኛን ላጲስ ወስዶ «የእኔ ነው» ማለት፣ ፈተና መኮረጅ፣ የቤት ሠራተኛዋን መስደብ፣ አንካሳ ልጅ ላይ መሳቅ፣ ሱቅ ተልኮ መልስ መደበቅ፣ ወንድም ሲቀጣ መደሰት፣ ሳይጸልዩ መተኛት፣ ተኝቶ አልጋ ማርጠብ።

ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ አውቄ ነው? ወድጄ ነው? ማንን በደልኩ? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ኃጢአት እግዚአብሔርንና ሰውን መበደል ነውና። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆች ይከራከራሉ። ይከራከሩ፤ ደንብ መጣስ አለመታዘዝ የሚሆንበትን ቦታ ራሳቸው ይደርሱበታል። የቤት ሠራተኛዋ ላይ ግን ዝም የሚል ክፍል ይገጥማችኋል፣ ብዙ ቤት እንደ ጥፋት አይቆጠርምና። እዚያ ላይ ቆዩ። እሷም በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረች ናት፤ እሷን የሰደበ ልጅ ይቅርታ የሚጠይቀው እሷን ራሷን ነው እንጂ እናቱን አይደለም።

አባቶች ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይከፍሉታል፤ በሐሳብ፣ በንግግር፣ በሥራ ማለት ነው። ለትንንሾቹ ንግግርና ሥራ ብቻ ይበቃል። ሐልዮን ከ10 ዓመት በፊት አታስገቡ። ስታስገቡም ወዲያው ይህን አስከትሉ፦ ክፉ ሐሳብ ድንገት መምጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ አስቀምጦ መመገቡ፣ ማድረግን መወሰኑ ነው። ይህ ሳይነገረው የቀረ ልጅ በቅዳሴ መካከል ስድብ ትዝ ስላለው ብቻ ራሱን እንደ ርኩስ ይቆጥራል።

አልጋ ማርጠብ «ኃጢአት አይደለም» በሚለው ብቻ አይታለፍ። መታመም፣ በፈተና መውደቅ፣ የአባትና የእናት መለያየት፣ የታናሽ ወንድም መሞት፦ ልጆች በዝምታ «በእኔ ኃጢአት ነው» የሚሏቸው ነገሮች ናቸው። ዮሐንስ 9ን አንብቡላቸው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ መልሷል።

እጅግ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህ ነው፤ በየዓመቱ በግልጽ ቃል ይነገር። ትልቅ ሰው ወይም ከፍ ያለ ልጅ ሰውነትህን በማይገባ መንገድ ቢነካ፣ ወይም «ለማንም እንዳትናገር» ቢልህ፣ ያ የእሱ ኃጢአት ነው፤ የአንተ አይደለም። ለዚያ ንስሐ አትገባም። ለእናትህ፣ ለአባትህ፣ ለምታምነው ሰው ትናገራለህ፤ የነካህ ሰው ዘመድም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ አገልጋይም ቢሆን። እንዲህ ያለ ነገር ለእናንተ የነገራችሁን ልጅ «ጸልይና እርሳው» አትበሉት። አምናችሁ ስሙት፣ ከዚያ ሰው አርቁት፣ ሕክምናና ሕግ ወዳለበት ውሰዱት። የበደለው ሰው ይቅርታ መጠየቁም ይህን አይተካም።

«ወዴት ነህ?»

ኑዛዜን ለማስተማር ከዘፍጥረት 3 የተሻለ ምዕራፍ የለም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዕፀ በለስና ስለ እባብ ብቻ ነው። ልጆቹ ከቁጥር 9 እስከ 13 ያሉትን ጥያቄዎች ይቁጠሩ። እግዚአብሔር አዳምን «ወዴት ነህ?» ይለዋል። የት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም። ቀጥሎ ከዛፉ በልቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሔዋንንም ያደረገችው ምን እንደሆነ ይጠይቃታል። እባቡን ግን ምንም አይጠይቀውም፤ በቀጥታ ይፈርድበታል። መጠየቅ ለንስሐ የተከፈተ በር ነው፤ እግዚአብሔር ለአዳምና ለሔዋን ከፈተላቸው።

እነሱ ምን መለሱ? አዳም «የሰጠኸኝ ሴት» አለ፤ ሔዋን «እባብ አሳተኝ» አለች። ይህን ከዳዊት ጋር አስተያዩ። ናታን ሲገሥጸው ዳዊት ያለው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብቻ ነው (2ኛ ሳሙኤል 12፥13)። በዚያው ቁጥር፣ ሳይውል ሳያድር፣ ናታን እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳራቀለት ይነግረዋል።

ከዚህ አንድ ልምምድ ይወጣል። ኑዛዜ በ«እኔ» ይጀምራል፣ «ስለ» የሚል የለበትም። «ወንድሜ ስላናደደኝ መታሁት» የሚለውን «ወንድሜን መታሁት» ብለው ይለውጡት። «ሁሉም ሲኮርጁ ኮረጅኩ» የሚለውን «ኮረጅኩ»። 10 ያህል ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ጽፋችሁ በየተራ ያርሙ። ቀላል ይመስላል፤ ከክፍሉ ገሚሱ በመጀመሪያው ቀን አይሆንለትም።

ወላጅም ከዚሁ ምዕራፍ ይማር። የ9 ዓመት ልጅ እንቁላል እንዲገዛ ተልኮ ከመልሱ 20 ብር ጎድሏል እንበል። «ሌባ! ሰርቀህ ነው አይደል?» ብትሉት «አልሰረቅኩም» ይላል። አሁን ሁለት ኃጢአት ሆነ፤ ሁለተኛውን ያስደረግነው እኛ ነን። ቁጣው ሲበርድ፣ እህት ወንድሞቹ በሌሉበት «የእኔ ልጅ፣ መልሱ 20 ብር ይጎድላል። ምን እንደሆነ እስቲ ንገረኝ» በሉትና ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙሉት። «ወድቆብኝ ነው» ካለ እንደ ፖሊስ አታፋጡት፤ «እሺ፣ ሌላ የምትነግረኝ ካለ እራት እስኪደርስ እዚሁ ነኝ» ብላችሁ ተዉት። ባለሱቁ ነግሯችሁ የምታውቁት ከሆነ ደግሞ ወጥመድ አትዘርጉ። «ማስቲካ እንደገዛህ ሰምቻለሁ፤ ግን ከአንተ ልስማው» በሉት። የምታውቁትን እንደማታውቁ ሆናችሁ መጠየቅ ውሸትን ማለማመድ ነው።

እውነቱን ሲናገር የመጀመሪያው ቃላችሁ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» ይሁን። ካሳው ከዚያ ይቀጥላል፦ ካስቀመጠው ገንዘብ ይመልሳል፤ ከሌለው በሥራ ይከፍላል። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ (ሉቃስ 19፥8) ንገሩት፤ ከልጁ አራት እጥፍ አትጠይቁ እንጂ። ከዚያ አብራችሁ «አቡነ ዘበሰማያት» ድገሙ፣ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» የሚለው ላይ ቀስ እያላችሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ገንዘብ ሰጥታችሁ እዚያው ሱቅ ላኩት። ይቅርታ መደረጉን የሚያምነው ያን ጊዜ ነው። እስከ ዓመት ድረስ «አንተንማ ሱቅ አልክህም» የሚባል ልጅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይላል ብንለው ቃል ብቻ ይሆንበታል።

ወላጅ ራሱ ሲያጠፋ ልጁን ይቅርታ ይጠይቅ። «ትልቅ ሰው ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም» የሚለው ልማድ ከወንጌል የመጣ አይደለም። «ትናንት ያለ ጥፋትህ ጮህኩብህ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» የሚል አባት ያለው ልጅ ኑዛዜ ምን እንደሚመስል ከማንም መምህር በላይ ያውቃል። ልብ በሉ፣ እዚህም «አንተ ስላስቸገርከኝ» የሚል የለም።

በየዕድሜው

እስከ 7 ዓመት ድረስ ልጆች ኑዛዜ ሳይጠየቁ ይቆርባሉ፤ በፍልሰታ ጊዜ በየአጥቢያው ለቁርባን የሚሰለፉትን ሕፃናት ማየት ነው። ለእነዚህ የማታ ጸሎት ይበቃል፦ አንድ ምስጋና፣ አንድ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ»፣ አንድ ልመና። ስለ ገሃነም እሳት ለዚህ ዕድሜ አትንገሩ። የሚያስቡት ነገሩን በቁሙ ነው፤ ሌሊት ይባንናሉ እንጂ አይመለሱም።

ከ7 እስከ 9 ዓሥርቱን ትእዛዛት በአጭሩ ይማሩ፣ የመጀመሪያ ኑዛዜያቸውንም እዚህ ያድርጉ። ከ10 እስከ 12 መዝሙር 50ን በቃል ይያዙ፤ በሳምንት 2 ቁጥር ከሆነ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ናታንና ዳዊትን አስቀድመው ከተማሩ መዝሙሩ ከማን አፍ እንደወጣ ያውቃሉ። የይሁዳንና የጴጥሮስን ታሪክ ጎን ለጎን ማስተማርም ለዚህ ዕድሜ ነው። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ወደቁ፣ ሁለቱም ተጸጸቱ፤ አንዱ ተስፋ ቆረጠ፣ አንዱ ተመለሰና በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ (ዮሐንስ 21)።

ከ13 በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ሕፃንነታቸውን ሙሉ ሲቆርቡ የኖሩ ልጆች ጉርምስና ሲጀምር ከቁርባን ይርቃሉ፤ ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ ብቻ እንደሆነ በልማድ ያዩታልና። ይህን የምትከላከሉት በ8 እና በ9 ዓመታቸው ነው፤ ከነፍስ አባታቸው ጋር መነጋገርን ሰውነታቸው ሳይለወጥ፣ የሚያፍሩበት ነገር ሳይበዛ ይልመዱት። በጉርምስና የመጀመሪያ ኑዛዜውን የሚያደርግ ልጅ ከባዱን ነገር ከማያውቀው ሰው ፊት ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ኑዛዜ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ

በመጀመሪያው ሳምንት ወላጅ የነፍስ አባትን ብቻውን ያናግር። የልጁን ዕድሜ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ አማርኛ ምን ያህል እንደሚገባው ይንገራቸው። ጥፋቱን ግን አይዘርዝር። «አባ፣ ይህ ልጅ አስቸግሮኛል፣ ይገሥጹልኝ» ብሎ ልጁን ፊት ለፊት ማስረከብ ኑዛዜውን ገና ሳይጀመር ይገድለዋል፤ ልጁ የነፍስ አባቱን የእናቱ ዱላ አድርጎ ያያቸዋል። ቀኑን በበዓል ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በሚጋፋበት ሰዓት አታድርጉት፤ 15 ደቂቃ ያለ ጥድፊያ ያስፈልጋል። ቦታው ሰው የሚያየው፣ ግን የማይሰማው ይሁን፦ የዛፍ ጥላ፣ የደጀ ሰላም ዳር። ለልጁም ለካህኑም የሚበጀው ይህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ሄዶ መስቀል ይሳለም፣ ስሙን ይናገር፣ ይመለስ። ሌላ ምንም የለም። የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቷ ቢያደርሱት መልካም ነው፤ ቃል የገቡት ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አለማምዱት፤ ግን በራሱ ኃጢአት አይደለም። «አንድ ልጅ የጓደኛውን ኳስ ደብቆ ነበር፤ እሱን ሁንና ተናዘዝ» በሉት። የሚለው ሦስት ነገር ነው፦ ይህን አድርጌአለሁ፤ ተጸጽቻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳላደርግ ይጸልዩልኝ። ካህኑ የሰማውን ለእናትም፣ ለአባትም፣ ለመምህርም እንደማይናገር አስረግጣችሁ ንገሩት። ብዙ ልጅ የሚፈራው ይህንን ነው፤ አፍሮ ግን አይጠይቅም።

በዋዜማው 10 ደቂቃ ብቻውን ይቀመጥ፤ ከእግዚአብሔር ጋር፣ ከቤተሰብ ጋር፣ ከጓደኞችና ከትምህርት ቤት ጋር፣ ከራሱ ጋር እንዴት እንደሆነ ያስብ። ሁለት ሦስት ነገር ካገኘ ይበቃል። 20 ኃጢአት ዘርዝሮ መጽሐፍ ላይ ያገኘውን የሚገለብጥ ልጅ የራሱን አይናገርም። ማስታወሻ ካስፈለገው ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ፣ ከተናዘዘ በኋላ ይቅደደው፤ ሙሉውን የጻፈ ወረቀት በታናሽ እህት እጅ ይወድቃል። የበደለው ሰው ካለ ከመሄዱ በፊት ይታረቅ፤ ማቴዎስ 5፥23-24 የሚያዘው ይህን ነው። ግን «ይቅርታ በላት! ሳማት!» ብላችሁ አታስገድዱ። የግድ የወጣ ይቅርታ አፍ ላይ ይቀራል። ጊዜ ስጡት፣ እምቢ ካለም እምቢታውን ራሱን ለነፍስ አባቱ ይንገር።

ዕለቱን፦ መስቀል ይሳለማል፣ «አባቴ ይፍቱኝ» ይላል፣ ሦስቱን ይናገራል፣ ምክር ይሰማል፣ ቀኖና (የነፍስ አባት ለንስሐ የሚሰጡትን ተግባር) ይቀበላል። ቀኖናውን መልሶ ይድገመው፤ ካልገባው ይጠይቅ። ወላጅ ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ሲመለስ «ምን አልካቸው?» የሚል ጥያቄ በጭራሽ፣ በቀልድም ቢሆን፣ አይጠየቅ። «ምን ቀኖና ሰጡህ?» ማለትም ያው ነው፤ ከቀኖናው ጥፋቱን መገመት ይቻላልና። ማሳሰቢያ ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል። ቤት ስትደርሱ የሚወደውን ምግብ ሥሩለት፣ ጾም ከሆነ የጾሙን። በሉቃስ 15 ቤቱ በደስታ ነው የተሞላው።

ቀኖናውን ሲፈጽም ተመልሶ ፍትሐት (ከኃጢአት የመፍታት ጸሎት) ይቀበላል፤ ከዚያም በነፍስ አባቱ ፈቃድ ይቆርባል። ትልልቆች ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማሉ፤ ለልጅ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ስለ ቀኖና

ለልጅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ለጥቂት ቀን «አቡነ ዘበሰማያት»፣ ጥቂት ስግደት፣ ከራሱ ላይ ምጽዋት። ስግደት ከሆነ ቀኑን ከመጀመሪያው ይወቅ። በእሑድ፣ በዐበይት በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት አይሰገድም። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ልጅ መካከል ላይ ሲከለከል «ተበላሸብኝ» ብሎ ይጨነቃል። በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እያደረገ ይከታተል።

ወላጅ በቀኖናው ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ከታመመ ወይም ካቃተው ወደ ሰጡት አባት ተመልሶ ይለወጥለታል። ደግሞ ስግደትን የቤት ቅጣት አታድርጉት። «ለዋሸህበት 20 ስገድ!» የተባለ ልጅ ስግደትን ከዱላ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሱ የተቀጣ ይመስለዋል። የቤት ቅጣት ሌላ ነው፦ የሰበረውን ይጠግን፣ የወሰደውን ይመልስ። ቀኖና የይቅርታ ዋጋም አይደለም። 10 ሰግጄ ተፋቀልኝ የሚል ልጅ ካለ ወደ ሉቃስ 15 መልሱት፤ አባትየው የሮጠው ልጁ ገና ምንም ሳይሠራ ነው።

ልጁ ሲጨነቅ፣ ልጁ ሲደጋግም

አንዳንድ ልጅ፣ በተለይ ከ9 እስከ 12 ዓመት፣ አንዱን ኃጢአት ደጋግሞ ይናዘዛል፤ በቀን አሥር ጊዜ «ይህስ ኃጢአት ነው?» ይላል፤ ጸሎቱን «በትክክል አላልኩትም» ብሎ ከመጀመሪያው ይደግማል። ይህ መንፈሳዊነት አይደለም፣ ሕመም ሊሆን ይችላል። በየጊዜው «አይደለም፣ አይዞህ» ማለት ለሰዓት ያህል ያሳርፈዋል፤ ከዚያ ይብሳል። ለነፍስ አባቱ ንገሩ፤ በተወሰነ ቀን ብቻ እንዲናዘዝ፣ የተፈታውን እንዳይደግም እሳቸው ይዘዙት። እንቅልፍ ወይም ትምህርት ካስተጓጎለው ሐኪም ጋር ይቅረብ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ተቃራኒው ደግሞ «ንስሐ እገባለሁ» እያለ የሚያጠፋው ነው። እሱን በንግግር አታሸንፉትም። ንስሐ ያለ ካሳ እንደማያልቅ ያስለምዱት፤ የሰበረውን ሲጠግን ውሎ ነገሩ ይገባዋል።

በልቡ ተጸጽቶ አሁንም በዚያው የሚወድቅ ልጅም አለ፤ አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። «ባለፈው ተናዝዘህ አልነበር?» አይባልም። የሚወድቅበትን ሰዓትና ቦታ አብራችሁ ፈልጉ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ርቦት ከሆነ ታናሹን የሚመታው፣ መክሰሱ ቀድሞ ይድረስ። ማታ ስልክ ይዞ ከሆነ፣ ስልኩ ሳሎን ይደር።

ከአገር ውጭ ለሚያድጉ

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በዓረብ አገራት የሚያድጉ ልጆች ትልቁ ችግር ቋንቋ ነው። ልጁ ጥፋቱን የሚያስበው በሚማርበት ቋንቋ ነው፤ የነፍስ አባቱ የሚሰሙት አማርኛ። እናት መካከል ገብታ ታስተርጉም ማለት አይሆንም፤ ምሥጢሩ ፈረሰ። በየአጥቢያው የልጆቹን ቋንቋ የሚሰሙ ካህን ካሉ ቤተሰቡ በነፍስ አባቱ ፈቃድ ልጁን ወደ እነዚያ ካህን ይላክ። ከሌሉ 20 ያህል የአማርኛ ቃላት ያስፈልጋሉ፦ ዋሸሁ፣ ሰረቅኩ፣ መታሁ፣ ተሳደብኩ፣ ቀናሁ፣ አልታዘዝኩም፣ ደበቅኩ፣ ኮረጅኩ፣ ጸሎት ተውኩ፣ ማየት የሌለብኝን አየሁ፣ ጠላሁ፣ አላገጥኩ፣ የመሳሰሉት። ለሁሉም ልጆች በክፍል ውስጥ በአንድነት ይሰጡ፤ ለአንዱ ብቻ ከተሰጡ የእሱ ጥፋት ዝርዝር ይመስላሉ።

ቤተ ክርስቲያን በቅርብ በሌለበት፣ ካህን በየተወሰነ ጊዜ ብቻ በሚመጣበት አገር፣ የልጆቹን ሰዓት ከትልልቆቹ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። በአጽዋማቱ መካከል ለልጆች የሚመቸው ጾመ ነነዌ ነው፤ 3 ቀን ብቻ ነው፣ ከዐቢይ ጾም በፊትም ይውላል። የዮናስን መጽሐፍ አራቱን ምዕራፎች ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ማታ አንብቡላቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩት እግዚአብሔር እንዴት እንደሚራራ ይናገራል። የመጀመሪያው ኑዛዜ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንዲሆን ከአባ ጋር ቀጠሮ ያዙ።